ከጭድ ውስጥ የወጣ ማንጎ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። እህቴ ለጥናት ላፍቶ ውስጥ በመረብ በተከለለ ቤት ከምታኖራቸው ፍሬ በል የሌሊት ወፎች ሦስቱ ወለሉ ላይ ሞተው ተገኙ።

እህቴ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። እኔ ስደርስ ሌላ አንዲት የሌሊት ወፍ ከጣሪያው ወድቃ ታጣጥራለች። እህቴ ጓንት አጥልቃ ጎንበስ አለች።

"ተይ፣ ሌላ ሰው ያንሳት።"

"ማን? አንተ? በረሮ አይተህ ወንበር ላይ የምትወጣው?"

አልሳቅኩም። የእብድ ውሻ በሽታ ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ።

የሞቱትን የላክንለት ላቦራቶሪ በማግስቱ ደወለ። የእብድ ውሻ በሽታ አይደለም። የገደላቸው ቶክሶፕላዝማ ነው፤ በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፍ፣ ፅንስንም የሚጎዳ ጥገኛ ተውሳክ።

"እዚህ ግቢ ድመት የለም" አልኩ።

"አለች እንጂ" አለ በር ላይ ቆሞ ይሰማን የነበረው ዘበኛ። "አይጥ ፍሬውን ቢጨርስብኝ ከቤት አመጣኋት። መጋዘን ነው የምታድረው።"

ሄደን አየን። ጥሬው ማንጎ እንዲበስል የጤፍ ጭድ ውስጥ ተቀብሯል። ድመቷ ጭዱ ላይ ተኝታለች፤ ጥጉ ላይ ደግሞ ተጸዳድታበታለች።

"ጋሼ፣ ማንጎውን ያጥቡታል?" አለች እህቴ።

"ለወፍ? ጭዱን እፍ ብዬ ነው የምሰጣቸው።"

"ለእኔስ?"

"አምሮት ነው፣ አይከለከልም ብዬ የበሰለ የበሰለውን መርጬ ነው የሰጠሁሽ፣ ልጄ። ያው እፍ ብዬ።"

እህቴ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እኔ ለቤተሰብ ልደውል ስልኬን አወጣሁ።

"ለማንም እንዳትደውል። እህትህ ነኝ፣ ዜና አይደለሁም።"

የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ደም ሰጠች። ሐኪሟ ነገሩን አላድበሰበሰችም፤ ተውሳኩ ከእርግዝናው አስቀድሞ ይዟት ከነበረ ፅንሱ ብዙም አያሰጋውም፤ በቅርቡ ከሆነ ግን ያሰጋዋል።

ዘበኛው ድመቷን ወደ ቤቱ መለሰ፤ ጭዱን አቃጠለ። ባገኘኝ ቁጥር "ውጤቱ መጣ?" ይለኛል። "አልመጣም።" እህቴ እራት ቀርቦላት ሳትነካው ትነሳለች። የቀሩትን ወፎች መድኃኒት እየሰጠች፣ ፍሬውን ራሷ እያጠበች ትውላለች፤ ስልኳን ከኪሷ አትለይም።

ውጤቱ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። ተውሳኩ የያዛት ከማርገዟ ብዙ ጊዜ በፊት ነው።