የአባዬ ተቃውሞ በወረቀት ተገኘ

አባዬ ተቃውሞ ነበር! ዛሬ በዓይኔ አነበብኩት! ይቅርታ ወዳጆቼ፣ ሰላም ሳልላችሁ ጀመርኩ።

በደርግ ጊዜ፣ ባዕድ አገር ለሚዘረጋ የነዳጅ ቧንቧ የቀበሌያችን የኮንጋ ገበሬ ቡና ያዋጣ ተባለ። እኛ ለኩራዝ የሚሆን ጋዝ አጥተን ራት የምንበላው በጨለማ ነበር!

የገበሬ ማኅበሩ ኮሚቴ በሩን ዘግቶ መከረና "በሙሉ ድምፅ ተወስኗል" አለን። ያኔ በሙሉ ድምፅ ያልተወሰነ ምን ነበር?

አባዬ የኮሚቴው አባል ነበር። የመንደሩ ሰዎች "ቡናችንን ያስወሰድከው አንተ ነህ" ሲሉት "እኔ እኮ ተቃውሜያለሁ" ቢልም የሚያምነው አጣ። እንደተሰደበ ሞተ። ቧንቧውንም እስከ ዛሬ ያየ የለም።

ዛሬ የያኔው የኮሚቴው ጸሐፊ ጋሽ በራሶ አስጠሩኝ። አልጋ ላይ ናቸው። የዚያን ስብሰባ የመጀመሪያውን፣ ያልተለወጠውን ቃለ ጉባኤ ሰጡኝና "ልጄ፣ ፈርቼ ነው የለወጥኩት። ሳልሞት ውሰጂልኝ" አሉ።

ከአባዬ ስም ፊት ለፊት "ኩራዛችን ሳይበራ ለሰው ቧንቧ አናዋጣም" ይላል።

ግን ለማን ላሳየው? አባዬ የለ፣ እማዬ የለች፣ ሰዳቢዎቹም አልቀዋል። እናንተስ ቤት እንዲህ ዘግይቶ የደረሰ እውነት አለ? ጻፉልኝ እስቲ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የአባዬ መቃብር ላይ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ ትንሽ ድግስም ደግሻለሁ፣ እዚያው ኮንጋ ነው። ሁላችሁም ኑ፣ በተለይ የሰዳቢዎቹ ልጆች።