ጉንጩን ያልበላ አይሄድም

እኛ ቤት ዓሣ ማለት ጭንቅላት ነው። ሥጋውን የአጥማጆች ማኅበሩ ፊሌቶ እያለ በበረዶ ጭኖ አዲስ አበባ ይልከዋል፣ ጭንቅላቱ ለአጥማጁ ይቀራል። እናቴ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ትቀቅለዋለች፣ አባቴ በእጁ ይፈለቅቀዋል፣ ጉንጩን ደግሞ መንገድ ለሚሄድ ሰው ያጎርሳል። ጉንጩን ሳይበላ ከቤታችን የሚወጣ የለም።

እኔም ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ጉንጭ በልቼ ነው። እዚያ የበላሁት ዓሣ ሁሉ ጭንቅላት የለውም። ጾም ሲገባ ልጆቹ ጥብሱን ይሻሙበታል። «ይሄ እኮ ከኛ ሐይቅ፣ ከጫሞ የመጣ ነው» ስላቸው «እና ምን ይሁን፣ ሰላም እንበለው?» ይሉኛል። ይበላል፣ ግን አያጠግበኝም። የሚያጠግበኝ ሌላ ነገር ነበር።

አንድ አስተማሪያችን ሄክ ስለሚባል የባሕር ዓሣ አስተማረን። አንዱ አገር ባሕሩ ሲያንስበት መርከቡን ወደ ሌላው ይልካል አለ፤ ስፔን እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ እስከ አርጀንቲና ድረስ። መጀመሪያ ትልልቁ ያልቃል፣ ቀጥሎ ጀልባው ይርቃል፣ ቀጥሎ የመረቡ ዓይን ይጠብባል። ሌሎቹ ይጽፋሉ፣ እኔ አባቴን አስባለሁ። እሱስ ጫሞ ሲያንስበት የት ይሄዳል?

ተመረቅኩ። ምደባዬ ድሬዳዋ ወጣ፤ የዓሣ ነገር ለተማረች ልጅ አሸዋ! ከመሄዴ በፊት ጥቂት ቀን አገኘሁና አገሬ ገባሁ፤ ሲቀላ መናኸሪያ ከአውቶቡስ እንደወረድኩ በቀጥታ ሐይቁ ዳር ሄድኩ። አባቴ ከጀልባው ያወረደው ዓሣ ክንዴን አያክልም።

«አባባ፣ ትልቁ ጭንቅላትስ?»

«ዲግሪ ይዛ መጥታ ጭንቅላት ትጠይቀኛለች!» አለ፣ ጓደኞቹ ሳቁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጉንጭ ያለው አሁን ሩቅ ነው ልጄ፣ ከአዞ ገበያ ማዶ። እሄድልሻለሁ» አለኝ።

አዞ ገበያ አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ የሚሞቁበት ዳር መሆኑን እያወቅኩ ሂድ አልኩት። ጉንጩ አምሮኝ ነበር፣ ምን ላድርግ።

በማግስቱ ሁለት ሰው የሚሸከመው ነጭ ዓሣ ይዞ መጣ። ጉንጩ መዳፌን ያክላል። አባቴ ቢላዋውን ሲያነሳ የማኅበሩ ሊቀመንበር ደረሰ።

«እንዳትቆርጠው! አዲስ አበባ ለባለሥልጣኖቹ የበዓል ግብዣ ሙሉውን ይፈልጉታል፣ ከነጭንቅላቱ።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጭንቅላቱ የኛ ነው» አልኩ።

«እህቴ፣ መረቡ የማኅበሩ ነው።»

«መረቡ ነው እንዴ ማዶ ድረስ የቀዘፈው?»

አባቴ ክንዴን ያዘኝ። «ተዪው።» መረቡን ከተቀማ የሚበሉት እንደሌላቸው እኔም አውቃለሁ። ተውኩት።

በምሄድበት ቀን እናቴ ከትንንሾቹ አንዱን ቀቀለች። አባቴ ጭንቅላቱን ብዙ ፈለቀቀው። ያገኘው ጉንጭ ጥፍሬን አያክልም፤ እንደ ልማዱ አጎረሰኝ። ሳላጣጥመው አለቀ። ሌላ የለም፣ እሱም ያውቃል፣ አፌን እያየ ቆመ።

«ጠገብሽ?»

«ጠገብኩ አባባ።»

የአውቶቡስ ቲኬት ስላልተገኘ አባቴ የዓሣውን መኪና ሾፌር ለምኖ ጋቢና አስገባኝ። የኩልፎን ወንዝ ተሻገርን። ያ ትልቁ ጭንቅላት ከኋላዬ በረዶ ውስጥ ተኝቷል፣ አብረን እየሄድን ነው።

ሾፌሩ፣ «ቁርስ በልተሻል አይደል? እስከ ሶዶ አልቆምም» አለኝ።

«ርቦኛል» አልኩት።