አጣና፣ ሞራሌ ወይስ ብረት

ቤታችን ሰቆጣ ከተማ ዳገቱ ላይ ስለሆነ በመንገዱ በኩል ላየው ባለ አንድ ደርብ፣ በጓሮ በኩል ላየው ግን ባለ ሁለት ነው። ታችኛውን ምድር ቤት እንለዋለን። ግድግዳው ድንጋይ፣ ወለሉ አፈር፣ ውስጡ ደግሞ ባሌ “አንድ ቀን ይጠቅማል” እያለ ያጠራቀመው ኮተት ነበር። ባለፈው በጋ ያንን ሁሉ ጠራርጌ አወጣሁና “ይህ ክፍል ይሠራል፤ አባቴ ይገቡበታል” አልኩ። ባሌ አልተከራከረኝም። አንዴ ከተነሳሁ እንደማልመለስ ያውቃል።

አባቴ ደሃና ወረዳ ውስጥ፣ ከመኪና መንገድ ራቅ ባለች ጎጆ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። እናቴ ካረፈች፣ ወንድሞቼም ለሥራ ባሕር ከተሻገሩ ወዲህ “እንዴት አደሩ” የሚላቸው ጎረቤት ብቻ ነው። ጉልበታቸውም ከድቷቸዋል። ከዚያ በጋ በፊት በነበረው ክረምት ታመው ሲተኙ ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ወሬው እንኳ የደረሰኝ ከዳኑ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የያዘኝ ፍርሃት ዛሬም አልለቀቀኝም። ሌላ ክረምት ሳይገባ እኔ ዘንድ ካልመጡ እንቅልፍ የሚባል ነገር አይኖረኝም ነበር። ምድር ቤቱ ደግሞ ደረጃ የለውም፤ ከበሩ አንድ እርምጃ ጓሮ ነው።

ሄጄ ስለምናቸው “እመጣለሁ፣ ምን ቸገረኝ” አሉኝ። “ብቻ ቤቱ በምን እንደሚሠራ ልየው።” እኔ የዋህ፣ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ እየዘፈንኩ ተመለስኩ።

የድንጋይ ግድግዳ ዝናብ ሲመጣ ያልበዋል። ስለዚህ ከግድግዳው ፈንጠር ብሎ በውስጥ በኩል ቋሚና ማገር ማቆም፣ በላዩ ላይ ጣውላ መምታት፣ መኝታውንም ከመታጠቢያው መለየት ያስፈልጋል። ጥያቄው ቋሚው ከምን ይሁን የሚለው ነበር። እኔ አጣና አልኩ፤ ባሕር ዛፍ በየደጁ ሞልቷል። ባሌ ብረት አለ፤ እሱ ቢፈቀድለት ትራሱንም ከብረት ያሠራል። ዳኛው አባቴ ሆኑ።

ለገበያ ሰቆጣ በመጡ ጊዜ የገዛሁትን አጣና አሳየኋቸው። በምርኩዛቸው ነካ ነካ አደረጉና “ሲቆረጥ ጨረቃዋ ጎድላ ነበር ሞልታ?” አሉ።

“ኧረ አባ፣ እኔ ምኑን አውቄ!”

“ሞልታ ከሆነ ይነቅዛል። ጠይቂ።”

ሄጄ ሻጩን ጠየቅሁት። የዛፉን የክርስትና ስም የጠየቅሁት ይመስል አፍጥጦ አየኝና ጎረቤቶቹን ጠራቸው፤ ደግሜ እንድጠይቅ ለመኑኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ በኩል ሳልፍ “እትዬ፣ ዛሬ ጨረቃዋ እንዴት ናት?” ይሉኛል።

አጣናው ቀረና በመጋዝ የተሰነጠቀውን ባለ አራት ማዕዘን እንጨት፣ ሞራሌውን፣ አመጣን። በሌላ ገበያ ቀን አባቴ መጥተው አሸተቱት። “ይኼ የየት አገር ዛፍ ነው?” አሉ። ከሩቅ አገር የመጣ ነው ብላቸው “እንግዲያ አላውቀውም። የማላውቀው እንጨት መሀል ተኝቼ እንቅልፍ ይወስደኛል?” ብለው በቅሎው ደጅ ቆማ እንደምትጠብቀው ባላባት ኮራ ብለው ወጡ። በቅሎ ግን አልነበራቸውም።

ባሌ ደስታው ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር። “ብረት አይነቅዝ፣ ምስጥ አይበላው፣ አገሩ አይጠየቅ” አለ። እኔም ሰማዩ ዳመና መቋጠር ስለጀመረ ቸኮልኩ። ወለሉ በሲሚንቶ ተለሰነ፤ ባሌ ራሱ በልስን ዕቃ እያለሰለሰ እንደ መስተዋት አደረገውና ማንም በጫማ እንዳይረግጠው አዋጅ አወጣ። ከዚያ ብረት በያጁ መጣ። መብራት ሲሄድ እየተቀመጠ፣ ሲመጣ እየዘለለ ተነስቶ የብረት ቱቦውን ገጣጠመው። እውነት ለመናገር አምሮ ነበር። ቀጥ ያለ ነገር ደስ ይለኛል።

አባቴን አስጠራኋቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ብረቱን በምርኩዛቸው መታ አደረጉት፤ ጮኸ። ዞሩት። ከዚያ ወደ ክፍሉ መሀል ሄደው ቆሙና ባዶውን ቦታ ወደ ላይም ወደ ታችም አዩት።

“ምሰሶውስ?” አሉ።

“ምሰሶ አያስፈልገውም፣ አባባ” አላቸው በያጁ። “ጣሪያው በግድግዳው ላይ ነው የተኛው። ምሰሶ ቢቆም የሚሸከመው ነገር የለም።”

“ታዲያ ሰው ጀርባውን የት ያሳርፋል?”

በእኛ አገር ጎጆ ውስጥ ምሰሶው ሥር የአባወራው ቦታ ነው። ማታ ከእርሻ ሲገባ ጀርባውን የሚሰጠው ለእሱ ነው፤ ጋቢው እዚያ ይሰቀላል፤ እንግዳም ሲመጣ ተነስቶ የሚለቅለት ያንን ቦታ ነው። ይህን እኔ፣ እዚያው ምሰሶ ሥር አባቴ ጭን ላይ እንቅልፍ እየወሰደኝ ያደግሁት፣ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? አባቴ “ምሰሶ የሌለው ቤት በረት ነው” አሉ። ቀጥለው በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ተናገሩ፤ ኽምጣኛ የሚቀናቸው ሲናደዱ ነው። ጫማቸውን ይዘው ወጡ።

የዚያን ቀን ያላነሳሁት የለም። “ሰበብ ነው! ትናንት ጨረቃ፣ ዛሬ ምሰሶ፣ ነገ ደግሞ ኮከብ ይሉኛል። መምጣት አይፈልጉም!” እያልኩ ባሌ ላይ ጮህኩበት። እሱ ምስኪን መሀሉ ላይ አንድ ብረት ላቁምላቸው ቢለኝ እያለቀስኩ ሳቄ አመለጠኝ። ወፍራም ባሕር ዛፍ እናቆማለን ብዬ መልእክት ላክሁ። መልስ የለም። ሌላ ላክሁ። አሁንም የለም። ተራሮቹ ላይ ጉም መተኛት ጀመረ፤ እኔም ወንዙን እያሰብኩ ደጅ ወጥቼ መንገዱን አይ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከመንገዱ በኩል የመኪና ጡሩምባ ሰማሁ። ብወጣ ኢሱዙ ቆሟል፤ ከጋቢናው አባቴ እየተደገፉ ይወርዳሉ። ከላይ ከእህል ጆንያው ላይ ረጅም እንጨት ተጋድሟል። ጭስ አጥቁሮታል፤ ከወገብ በታች በኩል ግን ከመደገፍ ብዛት ያብረቀርቃል። ወይራ ነው። የት እንደነበረ አውቃለሁ።

“አባ፣” አልኩ፣ “ጎጆውስ?”

“የቱ ጎጆ?” አሉ። “ሣሩን ለጎረቤት ከብት ሰጠሁት። ልጆቻቸው ናቸው አፍርሰው እስከ መንገድ ድረስ በትከሻቸው ያደረሱልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው።”

የቆመ ጎጆን ምሰሶ የነቀለ ሰው ተመልሶ የሚገባበት የለውም። አባቴ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። እዚያው መንገዱ ላይ እልል አልኩ፤ እያለቀስኩ እልል አልኩ፤ ምን እንደተፈጠረ የማያውቁ ጎረቤቶቼም ከየደጃቸው ተቀበሉኝ።

ሹፌሩና ሠፈርተኛው ምሰሶውን ተሸክመው በጓሮ አዞሩት። ረዝሞ ነበር፤ አባቴ ከሥሩ እንዲቆረጥ፣ ከላይ ግን እንዳይነካ አዘዙ። ቀጥሎ ሁላችንም ወለሉን አየን። ምሰሶ ጉድጓድ ይፈልጋል፤ ጉድጓዱም የሚወጣው ከባሌ ሲሚንቶ መሀል ነው። ባሌ ወለሉን አየ፣ አባቴን አየ፣ ወጥቶ ሄደ። ተቀየመ ብዬ ስሰጋ ድጅኖ ይዞ ተመለሰና በጫማው እንደቆመ የመጀመሪያውን ምት ራሱ መታው።

“ቀስ በል፣ ልጄ፣” አሉት አባቴ፣ “ዳር ዳሩን እንዳትሰነጥቀው።”

ምሰሶው ቆመ፤ በድንጋይ ተጠቀጠቀ። ጣውላው ገና አልተመታም፤ ክፍሉ የብረት አጽም ብቻ ነበር። አባቴ ግን ጋቢያቸውን አንጥፈው ተቀመጡ፣ ጀርባቸውን ሰጡ፣ እግራቸውን ዘረጉ። ዙሪያውን ቃኙና “ብረቱም ክፉ አይደለም” አሉ። ባሌ ከሳቁ ብዛት ድጅኖው ላይ ተደገፈ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው “አልጋዬን ስታስገቢ ወደዚህ አስጠጊልኝ” አሉኝ።