ምንም የማይመራቸው እትዬ አሰለፈች

ማክሰኞ ጠዋት ነው... እኔ ነርስ ሆኜ የምሠራበት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ኮቪድ ዳግም ገብቶ ሁላችንም ተጨንቀናል። የሠራተኛው ማስክ ፊቱ ላይ በደንብ መግጠሙን የመፈተኑ ሥራ ደግሞ በቅርቡ እኔ ላይ ተደርቧል።

ፈተናው ቀላል ነው። ማስክ ያደረገው ሰው ጭንቅላት ላይ መስኮት ያለው ከረጢት አጠልቅና በቀዳዳው በጣም መራራ ነገር እረጫለሁ። ካልመረረው ማስኩ ገጥሟል። ከመረረው ግን አየር ያስገባል፤ አየር ከገባ ቫይረሱም ይገባል።

ተራው የእትዬ አሰለፈች ሆነ። ስልሳን ያለፉ፣ ድሮ አስተማሪ የነበሩ፣ ከጀርመንታውን በሁለት አውቶብስ የሚመጡ አዲስ ረዳታችን ናቸው። ከፈተናው በቀጥታ የሚወጡት ወደዚያው ሁለተኛ ፎቅ ነው።

«ይቺን ጮክ ብለው ያንብቡልኝ» ብዬ የእንግሊዝኛውን ወረቀት ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገው «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው ጀመሩ። ይሁን... ዋናው አፋቸው መንቀሳቀሱ ነው። ረጨሁ።

«መረረዎት?»

«ኧረ በፍጹም!»

ግን ፊታቸው በመስኮቱ ይታየኛል። አንድ ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ ግንባራቸው ተጨማዷል። ጸሎቱም «ሲሳየነ» ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«እትዬ... እውነቱን ይንገሩኝ፤ መሮዎታል አይደል?»

«ትንሽ... አንቺ አታስቢ፣ እችለዋለሁ።»

«የሚቻል ነገር አይደለም እኮ! ማስኩ አልገጠመዎትም ማለት ነው።»

«ገብቶኛል የኔ ልጅ። ውጭ ስንት ሰው ቆሞ እየጠበቀሽ፣ በእኔ የተነሳ ለምን ትንገላቺ ብዬ ነው።»

ይሉኝታ! ሴትዮዋ እኔን ላለማስቸገር ኮቪድ ሊይዛቸው ነው። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ትንሹን ሳይዝ አምጥቼ አስደረግኳቸውና ደግሜ ረጨሁ። አሁን ጸሎቱ ሳይቆራረጥ አሜን ላይ ደረሰ።

ከረጢቱን ሳወልቅላቸው የራሴን ማስክ ትክ ብለው አዩት።

«አንቺንስ ማን ፈተነሽ?»

«እኔማ ዓምና ፓስ አድርጌያለሁ።»

«አልመረረሽም?»

ዓምና የፈተነኝ ልጅ የምሳ ሰዓቱ አልፎበት ሰዓቱን ሲያይ አሳዝኖኝ፣ እሬት የላስኩ መስሎኝ እያለ «ኖ፣ አይም ጉድ» ብዬው እንደወጣሁ ትዝ አለኝ። ዓመቱን ሙሉ በዚህ ሳይዝ ማስክ በሽተኛ ክፍል ገብቼ ወጥቼ፣ አሌክሳንድሪያ ቤቴ ስደርስ ልጄን ሳቅፍ ከርሜያለሁ። እውነቱን ነገርኳቸው።

«ተቀመጪ» አሉኝ እትዬ፣ አስተማሪነታቸው ተነስቶባቸው። ከረጢቱን አጠለቁልኝና ረጩ።

«መረረኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ በር ላይ የተሰለፈው ሁሉ ሰማኝ።

ማስኩስ በትንሹ ሳይዝ ተቀየረልኝ... ይሉኝታን የሚያስቀር ማስክ ግን መጋዘናችን ውስጥ በየትኛውም ሳይዝ የለም።