ከሰባቱ መስመር ሁለቱ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ የኮምፒውተር ትምህርት በጀመርኩ በአራተኛው ወር ነው። ሰው የተጎዳበት ታሪክ አይደለም። ግን አንድ ሥራ ልጀምር ስል ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል፤ ባስታወስኩት ቁጥርም ደስ ይለኛል። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው።

የምንኖረው እስራኤል አገር፣ ኪርያት ማላኪ ከተማ ነው። አባቴ በአቅራቢያችን ቤኤር ቱቪያ በሚገኝ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ በመሸከም ብዙ ዓመት ሠርቷል። አሁን ወገቡን ያመዋል። አለቃው የማልጌዛ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ከሸክም እንደሚያወጣው ነገረው። ማልጌዛ የምንለው ከፊቱ ሁለት ሹካ ያለውን፣ ዕቃ የሚያነሣውን መኪና ነው።

መንዳቱን አባቴ ቶሎ ለመደው። ያስቸገረው በኮምፒውተር የሚሰጠው ፈተና ነው። ሁለት ጊዜ ወደቀ። ጥያቄው ከብዶት አይደለም፤ ቤት ውስጥ ሳነብለት ጥያቄውን ሳልጨርስ መልሱን ይነግረኛል። ስክሪን ፊት ሲቀመጥ ግን ይደናገጣል፣ የማውሱ ቀስት ይጠፋበታል፣ የት መጫን እንዳለበት ሲፈልግ ሰዓቱ ያልቃል። ሦስተኛው ፈተና ሰኞ ዕለት ያቭነ ከተማ ተቀጠረለት። መሥሪያ ቤቱም ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል እንደማይሰጠው አሳወቀው።

እኔ ታዲያ መለማመጃ ፕሮግራም ልጻፍለት ብዬ ተነሣሁ። ከላይ ሰዓት ይቆጥራል፣ ጥያቄውን በዕብራይስጥ ያሳያል፣ ከሥሩ አማርኛው አለ፣ አራት መልስ አራት ትልልቅ ሳጥን ውስጥ ይወጣል። የጻፍኩት ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በራሴ ላፕቶፕ ነው። በሦስት ሳምንት ጨረስኩት።

ላፕቶፑን ቤት ውስጥ ፊቱ ሳስቀምጥለት ግን እጁን ሰበሰበ። እኔ እያየሁት መሳሳት አልፈለገም። "ከጓደኞቼ ጋር ከሆነ እሞክረዋለሁ" አለ። ከመጋዘኑ አራት ሰዎች ያንኑ ፈተና በዚያው ቀን ይፈተኑ ነበር።

ገዴራ በምትባል በአቅራቢያችን ባለች ከተማ አንድ የማኅበረሰብ ክለብ አለ። እዚያ አምስት አሮጌ ኮምፒውተሮች የተደረደሩበት ክፍል አይቼ ነበር። ሐሙስ ዕለት ወደ ክለቡ ራካዜት፣ ማለት ወደ አስተባባሪዋ፣ ደወልኩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ክፍሉን ለሁለት ሰዓት እንደምትሰጠኝ ነገረችኝ። ኮምፒውተሮቹ ላይ ፕሮግራሙ ይሠራ እንደሆነም ጠየቀችኝ። እኔ ሰው እንዲከፋብኝ አልወድም። ሳልሞክረው "ቤሰደር፣ እሺ፣ ሁሉም ዝግጁ ነው" አልኳት። አባቴም ለአራቱ ጓደኞቹ ነገራቸው።

ዓርብ ጠዋት ገዴራ ሄድኩ። ራካዜቷ የኮምፒውተሮቹን የይለፍ ቃል ሰጥታኝ ነበር። ፕሮግራሜን በፍላሽ አስገብቼ ስከፍተው አልሠራም። ኮምፒውተሮቹ ላይ ያለው ፓይተን በጣም አሮጌ ነው። አዲሱን በቀላሉ መጫን አይቻልም፤ ለእንዲህ ዓይነት አሮጌ ማሽን ተዘጋጅቶ የሚገኝ የለም።

የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር። ፓይተን ራሱ ፕሮግራም ነው፤ እኛ የጻፍነውን መስመር በመስመር እያነበበ ለኮምፒውተሩ የሚያስረዳ አስተርጓሚ ነው። ይህ አስተርጓሚ የተጻፈበትን ዋናውን ኮድ አውርዶ እዚያው ማሽን ላይ ከሥሩ መገንባት ይቻላል። ከግንባታው በፊት ግን ምን እንዲገባ፣ ምን እንዲቀር፣ የት እንዲቀመጥ በማስተካከያዎች ይነገረዋል። ይህን ክፍል ውስጥ ሰምቼዋለሁ እንጂ በእጄ ሠርቼው አላውቅም።

መመሪያውን ከፍቼ አነበብኩ። ጥሩ የሚመስለውን ማስተካከያ ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ ሰባት መስመር ሆነ። አንደኛው አስተርጓሚውን እጅግ ፈጣን የሚያደርግ ነው። እሱን ካዘዙት ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ይገነባል፣ ከዚያ የሠራውን በብዙ ፈተና ያስሮጣል፣ ከፈተናው የተማረውን ይዞ እንደገና ከመጀመሪያው ይገነባል። ለአባቴ ከሆነ ምርጡ ይሁን ብዬ እሱንም ጨመርኩት። ሰባቱንም አስገብቼ ሥራውን አስጀመርኩ።

ክለቡ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ሥራው ያን ጊዜ ገና ሩብ አልደረሰም። የምትዘጋው ልጅ ሰንበት ሳይገባ እንድወጣ ቁልፍ ይዛ በር ላይ ቆማ "ያላ፣ ሻባት እየገባ ነው" አለችኝ። ኮምፒውተሩን እንደበራ ትቼ ስክሪኑን ብቻ አጠፋሁ። እሑድ ስመለስ አልቆ ይጠብቀኛል ብዬ ነው።

ማታ እራት ላይ አባቴ ነገሩ እንዴት ሆነ አለኝ። ማሽኑ እየሠራ እንደሆነ ነገርኩት። በሻባት መሥራቱ አልጣመውም፤ ይፈቀዳል ወይ ብሎ ጠየቀ። ከሻባት በፊት ፕላታ በምንለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ እንደሚጣድ ወጥ ነው፣ እኔ አልነካውም፣ እሱ በራሱ ይበስላል አልኩት። ያን ጊዜ ደስ ብሎት ሳቀ።

እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነው፤ ትምህርቴን ትቼ ሰዎቹ ከመምጣታቸው ሦስት ሰዓት ቀድሜ ገዴራ ደረስኩ። በሩን የከፈተልኝ የማላውቀው ሰው ነበር። ጋሽ ታከለ ይባላል፤ የክለቡ ጠባቂና ጠጋኝ ነው። ዓርብ ዓርብ አይሠራም፤ ስለዚህ አላየሁትም። መኖሪያው ያቭነ ነው፤ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ቤኤር ቱቪያ ውስጥ የፕላስቲክ ክዳን በሚያመርት ፋብሪካ ማሽን ያስተካክል ነበር።

ገብቼ ስክሪኑን አበራሁ። ምንም የለም። ኮምፒውተሩ ራሱ ጠፍቷል። አስነሥቼ ፋይሎቹን ሳይ ሥራው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ላይ ተቋርጧል። መብራት ሄዶ ነበር እንዴ ብዬ ጋሽ ታከለን ጠየቅሁት።

እጁን ወደ ቆጣሪው ሳጥን ዘረጋ። ሰው ዓርብ መብራትና ማቀዝቀዣ ሳያጠፋ ስለሚሄድ፣ የክለቡ ክፍሎች ሁሉ የሻባት ሰዓት በሚባል ራሱ መብራት በሚያጠፋና በሚያበራ መሣሪያ የተያዙ ናቸው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል፣ ቅዳሜ ማታ ይመልሳል።

"ኮምፒውተሩ ካንቺ ይሻላል" አለኝ። "እሱ ሻባት ጠብቋል።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን እንባዬ መጣ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ከዕብራይስጥ ደብዳቤ ጀምሮ እስከ ባንክ ድረስ "እሷ ታውቃለች" ይባላል። አሁን አምስት ሰዎች ከሥራ ወጥተው፣ እጃቸውን ታጥበው ሊመጡ ነው። አባቴም በእኔ ተማምኖ ጓደኞቹን ጠርቷቸዋል። ሥራውን ካቆመበት አስቀጠልኩት፤ ፈተና ማስሮጡ ላይ ሲደርስ መስመሮቹ እንደ ቀንድ አውጣ ይሄዳሉ። በሦስት ሰዓት ቀርቶ በአሥር ሰዓትም አያልቅም።

ጋሽ ታከለ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ አጠገቤ ወንበር ሳበ። ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ሁሉንም ነገርኩት። ለራካዜቷ ሳልሞክረው ዝግጁ ነው ማለቴንም አልደበቅሁም። ስለ ኮምፒውተር እንደማያውቅ ነገረኝ። ከዚያ ወረቀቴን አነሣ።

"ይሄ የመጀመሪያው ምን ያደርጋል?"

ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ስሕተት መፈለጊያ እንደሚጨምር ነገርኩት።

"አባትሽ ዛሬ ያስፈልገዋል?"

"አያስፈልገውም።"

"ሰርዢዋ።"

ሁለተኛውን ጠየቀ፤ እሱም ተሰረዘ። ሦስተኛው ፈጣን የሚያደርገው ነበር። እዚህ ላይ ተከራከርኩት፤ ምርጡ እሱ እንደሆነ ነገርኩት። አልተቆጣም። ፋብሪካ ውስጥ አዲስ ሥራ ሲመጣ እንዴት እንደሚያደርግ ተረከልኝ። ማሽኑን መጀመሪያ በትንሹ ያስተካክለዋል፣ አንድ ክዳን ብቻ ያወጣል፣ ያንን ክዳን ጠርሙስ ላይ ገጥሞ ያየዋል። ከገጠመ በኋላ ነው ፍጥነት የሚጨምረው። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት በፍጥነት ጀምሮ፣ ሙሉ ሳጥን የማይገጥም ክዳን አምርቶ እንደነበር ነገረኝ።

"የማይገጥም ክዳን በፍጥነት ቢወጣ ምን ይሠራል?" አለኝ። "ሰርዢዋ ልጄ።"

ሰረዝኩት። ሌሎች ሁለትም እንዲሁ ተሰረዙ፤ ከሰባቱ ሁለት ቀሩ። አንዱ አስተርጓሚው አሮጌውን ሳይነካ ለብቻው አንድ ፎልደር ውስጥ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ነው። ሁለተኛው መስኮት መክፈቻውን የሚያስገባ ነው፤ ያለ እሱ ጥያቄዎቹና ሳጥኖቹ ስክሪን ላይ አይወጡም።

"ይቺ ከሌለች ምንም አይታይም ነው የምትይኝ?"

"ምንም አይታይም።"

"ዓርብ ዕለት መኖሯን አይተሻል?"

አላየሁም ነበር። ማስተካከያውን ጽፌያለሁ፤ ግን መጻፍና መገኘት አንድ አይደለም። ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ኮምፒውተሩ ያለውንና የሌለውን እየፈተሸ ረጅም ዝርዝር ያወጣል። እኔ ዓርብ ዕለት ስለቸኮልኩ ዝርዝሩ ሲሮጥ ዝም ብዬ አይቼዋለሁ። አሁን በሁለቱ ማስተካከያ ብቻ እንደገና አዘዝኩና መስመር በመስመር፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ብዙው "አለ" ይላል። ወደ መጨረሻው ላይ መስኮት መክፈቻው ጎን "የለም" ይላል።

ሥራው በሻባት ሳይቋረጥ ቢያልቅ ኖሮ እሑድ አልቆ አገኘው ነበር፤ ደስ ብሎኝ ሰዎቹን እጠብቃለሁ፤ አምስቱም ከተቀመጡ በኋላ ስከፍተው ባዶ ይሆናል። መልሶ ለመሥራት ጊዜ አይኖረኝም ነበር።

የጎደለውን የፕሮግራም ዕቃ ማሽኑ ከሚጠቀምበት የኢንተርኔት ማከማቻ አወረድኩት። እንደገና አስፈተሽኩ፤ "አለ" አለ። ያን ጊዜ ግንባታውን ጀመርኩ። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ጋሽ ታከለ ክፍሉን ጠርጎ ወንበሮቹን አስተካከለ፤ በየመሐሉ ስክሪኑን እያየ ክዳኑ ወጣ ወይ ይለኛል።

ሲያልቅ አንድ ትንሽ ባዶ መስኮት ብቻ እንዲከፍት አዘዝኩት። ተከፈተ። ከዚያ የእኔን ፕሮግራም ከፈትኩ። ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ፣ አማርኛው ወጣ። ኮምፒውተሮቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ፎልደሩን በፍላሽ ወደ አራቱ ወሰድኩ፤ የጎደለውን ዕቃ እየጫንኩ እያንዳንዱን ከፍቼ አየሁ። አምስተኛውን ስጨርስ የሰዎቹ ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ይሰማ ነበር።

አባቴ ከእኔ ራቅ ብሎ ጥግ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ዝም ብለው ይጫኑ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን መቀላለድ ጀመሩ። አንዱ ሲሳሳት ሌላው "በዚህ አነዳድህ መጋዘኑን ታፈርሰዋለህ" ይለዋል። አባቴ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠራው። በሦስተኛው ሰዓቱ ሳያልቅበት ጨረሰ። ዞሮ ፈለገኝ፤ እኔ ግን ያላየሁ መስዬ ገመድ አስተካክል ነበር።

ሰኞ ጠዋት ትምህርቴን ትቼ ያቭነ አብሬው ሄድኩ። ኮሪደር ላይ ጠበቅሁት። ሲወጣ አንድ ወረቀት አራት ላይ አጥፎ ይዟል። ፊቱ ምንም አይናገርም። አጠገቤ ተቀመጠና ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

የደወለው ለጋሽ ታከለ ነው። እሑድ ሲለያዩ ቁጥር መቀያየራቸውን አላወቅሁም ነበር። ከሰላምታው በኋላ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ "አልፌያለሁ። ፈተናው ያው ራሱ ነው፤ ግን ልጄ የሠራችው ይበልጣል። የእነሱ አማርኛ አያውቅም።"

እኛ ቤት ልጅን ፊት ለፊት ማመስገን የለም፤ ይበላሻል ይባላል። ወንድሜ ከሠራዊት ማዕረግ አግኝቶ ሲመጣ እንኳ አባቴ ጫማህን አውልቅ ነው ያለው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እንደምሰማው ያውቃል። ለዚያም ነው መሰለኝ እዚያው ሆኖ የደወለው።

በሚቀጥለው ቀን ለራካዜቷ ደውዬ ሐሙስ ዕለት ሳልሞክረው ዝግጁ ነው ማለቴን ነገርኳት። ከዚያ ለሚቀጥሉት ተፈታኞች መምጣት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ኮምፒውተሮቹን አይቼ እመልስልሻለሁ አልኳት። አይቼም መለስኩላት።

ከአምስቱ አራቱ በዚያ ቀን አለፉ፤ አንዱ በኋላ አለፈ። አባቴ አሁን ማልጌዛ ይነዳል። ወገቡ አልዳነም፤ ግን ማታ ሲገባ እንደ ድሮው ግድግዳ ይዞ አይደለም። ኮሌጅ ውስጥ ከእኔ ይልቅ ብዙ የሚያውቁ ልጆች አሉ፤ አስተርጓሚ ከኮዱ መገንባት ለእነሱ ተራ ነገር ነው። እኔ ግን ኮርቻለሁ። ሲጠይቁኝም አላፍርም፤ ሁለት መስመር ማስተካከያ ነበር፣ ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ እላለሁ።