የኦቦ ጉዮ ሞተርና የባሕር ማዶው ሕግ

ነፋስ ስልክ በነበረው የውሃ ሞተር ጥገና ጋራዥ የተቀጠርኩት በረዳት መካኒክነት ነው። በመጀመሪያው ቀን ፎርማኑ ጋሽ ተክሌ ቱታ ሰጡኝና የናፍጣ ቱቦ በአፌ ስቤ አየሩን እንዳስወጣ አዘዙኝ። ናፍጣው ጉሮሮዬ ገባ። ሳስል ቆመው ጠበቁኝና፣ "በል እንግዲህ፣ አሁን ተቀጥረሃል" አሉ። ያን ቀን የበላሁት ምሳ ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ አለኝ።

የሚመጡልን ሞተሮች ከየገጠሩ ጉድጓድ የተነቀሉ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሮች ነበሩ። ሁሉም የአንድ ለጋሽ አገር ሥሪት ስለሆኑ መለዋወጫቸውም ከዚያው አገር በእርዳታ፣ በአሰብ በኩል ይገባል። ስንፈታ፣ ስናጥብ፣ ስንገጥም ዓመታት አለፉ። እኔም ረዳትነቱን ጨርሼ መካኒክ ሁለት ሆንኩ።

ጋራዡ አንድ ልማድ ነበረው፤ ተውሶ እንለዋለን። አንዱ ሞተር የፒስተን ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከበውን የብረት ቀለበት፣ እየጠበቀ ተቀምጦ ለሌላው የጎደለው ኖዝል ብቻ ከሆነ፣ ከተቀመጠው ላይ ኖዝሉን ፈትተን ለዚያኛው እንገጥማለን። ኖዝል ማለት ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጭ፣ ከጣት የማይበልጥ ብረት ነው። ከዚያ በተፈታችው ሞተር ገላ ላይ በጠመኔ "ኖዝል አውሳለች" ብለን እንጽፋለን። አዲሱ ሲመጣ ይተካል። ሁልጊዜም ይተካ ነበር። ለባለቤቱ አይነገረውም፤ ቢነገረው ምን ያደርግለታል እንል ነበር።

ኦቦ ጉዮ ከቦረና ቆላ የመጡ፣ የመንደራቸው የውሃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበሩ። ረጅም፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሞተራቸውን በጭነት መኪና አስመጥተው መካኒሳ የአገራቸው ልጅ ቤት አረፉ። ሞተሯ ፋሻዋ ተሰብሯል እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። "ፋሻው ሲመጣ በሁለት ቀን ትነሳለች" አልኳቸው። እውነቴን ነበር። እሳቸውም አምነውኝ አገራቸው ገቡ።

በሳምንቱ ከሰሜን ሸዋ የመጣ ሌላ ሞተር ኖዝሉ ተቃጥሎ ተገኘ። ጓድ የክፍል ኃላፊያችን፣ "ውሃው ለአብዮት በዓል ይመረቃል፣ ዛሬውኑ ይነሳ" አሉ። የኦቦ ጉዮን ኖዝል ፈታሁ። በጠመኔ ጻፍኩ። እጄ እንኳን አልከበደኝም።

ጥቅምት ሲጠባ ሕጉ ወጣ። የለጋሹ አገር ምክር ቤት ስለ እኛ ጦርነት ሲከራከር ከርሟል አሉ። ሰሜኑ በእሳት ይነዳል፤ የእኛ መንግሥት የተሰጠውን ሁሉ ለጦርነቱ ያውለዋል ብለው የልማት እርዳታን የሚያግድ ሕግ አጸደቁ። የሰባ ሰባቱን ድርቅ ዓለም ሁሉ አይቶት ስለነበር ለተራበ የሚሆን እህልና መድኃኒት ብቻ ተፈቀደ። ጓድ ኃላፊያችን ስብሰባ ጠርተው ኢምፔሪያሊዝምን ሲያወግዙ ዋሉ። እኛም አጨበጨብን።

በኋላ የለጋሹ ወኪል ጋራዥ ድረስ መጣ። አማርኛ አጣርቶ የሚናገር ጎልማሳ ነበር። ወረቀቱን አነበበልን።

"ፋሻዎቹ ከሕጉ በፊት ስለተጫኑ ይገባሉ። ኖዝሎቹ አይጫኑም" አለ።

ጋሽ ተክሌ፣ "ስንዴው ይመጣ የለም እንዴ?" ብለው ጠየቁት።

"ስንዴ የነፍስ አድን እርዳታ ነው። ሞተር ልማት ነው።"

"ውሃስ?"

"በቦቴ ከሄደ እርዳታ ነው። በሞተር ከተሳበ ልማት ነው።"

ይህን ሲል ፊቱ ቀላ። ሕጉን ያወጣው እሱ አይደለም። ግን አልዋሸንም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

ቦቴዎቻችን ደግሞ ለሠራዊቱ ውሃ ሊያመላልሱ ጦር ግንባር ሄደው ነበር። ጓድ ኃላፊያችንን ለብቻቸው አግኝቼ፣ "ጦር ሰፈር መብራት የሚሰጠው ሞተር ይኼው የእኛ ዓይነት ነው። አንዲት ኖዝል ይለምኑልን" አልኳቸው።

"ለአብዮታዊ ሠራዊት የተመደበ ዕቃ አይነካም። ሁለተኛ እንዳታነሳው" አሉኝ።

አላነሳሁትም። ያኛው አገር በሕግ ከለከለን፣ የእኛው በግልምጫ።

ጋሽ ተክሌ "የጨነቀው እርጉዝ ያገባል" ብለው ኖዝል በብረት መቅረጫው ቶርኖ ሊሠሩ ተነሱ። የኖዝል ቀዳዳ ከፀጉር ይቀጥናል። ሦስት ብረት አበላሽተው ተዉት። ያዋስኩትን ከሰሜን ሸዋው መንደር እንዳላስመልሰው፣ እነሱም ሰዎች ናቸው፤ ይጠጡበታል።

ኅዳር ላይ ፋሻው ገባ። ኦቦ ጉዮም ሰምተው ከአገራቸው መጡ። ሞተራቸውን ዞረው አዩና ጠመኔው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ማንበብ አይችሉም ነበር።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"የእኛ ምልክት ነው" አልኩ።

"እንግዲህ ትነሳለቻ?"

"አንድ ዕቃ ቀርቷታል። በዚህ ወር ይመጣል።"

ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ኩሬው እየደረቀ ነው። ስንዴ አራግፈውልናል፤ የምንቀቅልበት ውሃ የለንም። ከብቱ አቅም ሳለው ወደ ሩቁ ጉድጓድ እንነሳ ወይስ እንጠብቅ? ሰዉ የሚሰማው እኔን ነው።"

"ይጠብቁ" አልኳቸው።

ለምን እንደዋሸሁ አውቀዋለሁ። ዕቃው አይመጣም ብል፣ የእኛዋ ኖዝል የት ሄደች ይሉኛል። ያን መመለስ አሳፈረኝ፤ ሌባ የምባል መሰለኝ። ምናልባት ሕጉን ይሽሩት ይሆናል እያልኩም ራሴን ደለልኩ።

የካቲት መጨረሻ ላይ ተመለሱ። ከስተዋል። ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም።

"ሞተሯን ለሌላ መንደር ስጧት። እኛ ጋ ሰው የለም" አሉ።

እስከ ጥር ጠብቀዋል። ከብቱ መውደቅ ሲጀምር ወደ ሩቁ ጉድጓድ በእግራቸው ተነሱ። ሽማግሌዎችና ሕፃናት መንገድ ላይ ቀሩ። የኦቦ ጉዮ ባለቤትም እዚያው ቀሩ።

ያኔ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኖዝሏን ፈትቼ ለሌላ መስጠቴን፣ ሕጉን፣ ኅዳር ላይ እያወቅሁ "ይጠብቁ" ማለቴን። አልተቆጡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"እኛ ውሃ ፍለጋ መሄድ እናውቅበታለን፤ ስንሄድ ነው የኖርነው" አሉኝ። "የለም ብትለኝ ኖሮ ያኔውኑ እንነሳ ነበር።"

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ወጡ። እግዜር ያጥናዎት ማለት እንኳን አቅቶኝ ቀረ። ከሞተሯ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ያን ሕግ ያወጡት ሰዎች ጦርነቱን እናስቆማለን ብለው ይሆናል። ጦርነቱ በዚያ አልቆመም፤ በሕግ ላይ የምፈርደው ግን እኔ አይደለሁም። በሙያዬ የማውቀው ይህን ነው፤ ከሰው ሞተር ላይ ዕቃ ሲፈታ ለባለቤቱ በዚያው ቀን ይነገራል። ዕቃው የማይመጣ ከሆነም አይመጣም ይባላል።