የሃያ ስምንት ሴቶች ደረሰኝ

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የምማረው የመንግሥት ሒሳብ አያያዝ ነው። ባለፈው ረጅም ዕረፍት ቤት ከመቀመጥ ብዬ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ክፍል በነፃ ለማገዝ ጠየቅሁ። ርዕሰ መምህርቷ ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ። ክፍል ውስጥ ጥሩ ውጤት ስለነበረኝ የአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ በሁለት ሳምንት የሚገባኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬም ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል ማለት አልችልም።

ሒሳብ ክፍሉ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና በሩ የማይገጥም የብረት ቁም ሣጥን ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ኬንያዊ ናቸው። ሁሉም ሰው በስዋሂሊ ለትልቅ ሰው እንደሚባለው “ምዜ” ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላቸው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሁለት የባንክ መዝገብ ፊቴ አስቀመጡ።

“ይህ የመጻሕፍት ሒሳብ ነው። ይህ ደግሞ የሥራ ማስኬጃ ነው፤ ውሃ፣ መብራት፣ ዘበኛ፣ ጥገና። ከአንዱ ወደ አንዱ አይሻገርም። ሌላው ሁሉ ቀላል ነው” አሉኝ።

በደብተሬ ላይ “አይሻገርም” ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ለምን እንደማይሻገር ግን አልጠየቅኩም። በመጀመሪያው ቀን ብዙ መጠየቅ ጥሩ አይመስልም ብዬ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት የአራተኛ ክፍል አስተማሪዋ ገባች። ራቅ ያለ ሰፈር፣ ካሳራኒ ነው የምትኖረው፤ ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ታክሲ ሁለቴ ተሳፍራ ነው የምትመጣው። አብዛኞቹ አስተማሪዎች የመንግሥት ቅጥረኞች ናቸው፤ ደመወዛቸው በቀጥታ ይመጣል። እሷን ግን አስተማሪ ሲጎድል የቀጠራት የትምህርት ቤቱ ቦርድ ነው። የእሷ ደመወዝ የሚወጣው መንግሥት በተማሪ ቁጥር አስልቶ ለሥራ ማስኬጃ ከሚልከው ገንዘብ ላይ ነው። ያ ገንዘብ ዘግይቷል።

“ምዜ፣ ዛሬስ?” አለች፣ ሳትቀመጥ።

“ገና ነው።”

“ሦስት ወር ሞላኝ እኮ።”

“አውቃለሁ ልጄ። ከላይ አልመጣም።”

“የቤት ኪራይ ሰብሳቢው የቤቴ በር ላይ የራሱን ቁልፍ ሊያንጠለጥል ነው። ሰፈሬ ያለ የግል ትምህርት ቤት ጠርቶኛል። እስከ መጪው ሳምንት ዓርብ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ አልችልም።”

ክፍሏ ውስጥ በሞያሌ በኩል በቅርብ የመጡ ብዙ የእኛ አገር ልጆች አሉ። ስዋሂሊም እንግሊዝኛም ሳይችሉ ነው የሚገቡት። እሷ በምሳ ሰዓት ለብቻቸው እያስቀመጠች ታስተምራቸው ነበር፤ ማንም አላዘዛትም። ከሄደች ክፍሉ ከሌላው አራተኛ ክፍል ጋር ይቀላቀላል፤ ከመቶ በላይ ልጅ በአንድ ክፍል ማለት ነው። እኔም በዘጠኝ ዓመቴ ከአዲስ አበባ መጥቼ አንድ ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቼ የተቀመጥኩ ስለሆንኩ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ከወጣች በኋላ የመጻሕፍቱን መዝገብ ገለጥኩ። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ደምሬዋለሁ፤ ከሁለት መቶ ሺህ ሺሊንግ በላይ ነበረበት።

“ምዜ፣ ገንዘብ አለ እኮ።”

“የለም።”

“ይኸው፣ እዚህ ጋ…”

“እሱ የመጽሐፍ ነው።”

“ግን የዚሁ ትምህርት ቤት ነው።”

“የዚሁ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው። ከእሱ ላይ አንድ ሺሊንግ ለደመወዝ ባወጣ የሚታሰረው ማን ይመስልሻል? አንቺ ነሽ?” ብለው ሳቁ። “ዩኒቨርሲቲ የምትማሪው አንቺ ነሽ። ሲገባሽ ለእኔም ንገሪኝ።”

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ኢስትሊ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። እሷ ደግሞ ለጎረቤቶቿ ነገረች፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሱቋ በሴቶች ተሞላ። ልጆቻቸው እዚያ የሚማሩ ክርስቲያንም ሙስሊምም እናቶች ናቸው። አንዷ ስትታመም ወይም ሐዘን ሲደርስባት እንደሚያደርጉት አደረጉ። አንድ የጨርቅ ቦርሳ ይዞራል፤ እያንዳንዷ እጇን ጨብጣ ከታ ባዶውን ታወጣለች። ማን ስንት እንደከተተ አይታይም፤ አይጠየቅምም። ሃያ ስምንት እጅ ገብቶ ሲወጣ ቆጠርኩ።

በዕድሜ የሚበልጡት ባለ ቅመም ሱቋ እትዬ ቦርሳውን አንገቱን አስረው ሰጡኝ።

“እንኪ ልጄ፣ አስረክቢልን። አስተማሪዋን እንዳትለቁብን በያቸው።”

“እትዬ፣ ምናልባት ስም ዝርዝር ቢጠይቁኝ…”

“የምን ስም? ሠርግ ነው እንዴ፣ መዝጋቢ የምናቆመው?”

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ምዜ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጠሩት፤ አርባ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ስልሳ። ፊታቸው በራ። ወላጆች በፈቃዳቸው የሰጡት ስጦታ በቦርዱ ፈቃድ ወደ ሥራ ማስኬጃው ሊገባ እንደሚችል፣ ከዚያም ለደመወዝ እንደሚሆን ነገሩኝ። ከዚያ ብዕራቸውን አነሡ።

“ከማን ነው?”

“ከሃያ ስምንት እናቶች።”

“እያንዳንዳቸው ስንት?”

“አይታወቅም።”

“እንዴት አይታወቅም? ሲሰጡ አልነበርሽም?”

“ነበርኩ። እጃቸው ጭብጥ ነበር።”

ብዕራቸውን መልሰው አስቀመጡ። “ስምና መጠን ካላመጣሽ ደረሰኝ አልቆርጥም። ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ ደግሞ እዚህ ክፍል ውስጥ አያድርም። ይዘሽ ተመለሺ፤ ነገ ጠዋት እጠብቅሻለሁ።”

እናቴ ሱቅ ጥግ ተቀምጬ አሰብኩ። ሄጄ አንድ በአንድ ብጠይቅ ትንሽ የሰጠችውን ማሳፈር ነው፤ ለዚህ ብለው ነው እጃቸውን የጨበጡት። ባልጠይቅ ደግሞ ገንዘቡ አይገባም፤ አስተማሪዋም ትሄዳለች። ምዜንም ሴቶቹንም ማስቀየም አልፈለግኩም። ድምሩን ለሃያ ስምንት አካፈልኩት፤ እኩል አልወጣልኝ አለ። ከራሴ ቦርሳ ሁለት መቶ አርባ ሺሊንግ ጨመርኩበትና አርባ ሁለት ሺህ ሞላ። ለእያንዳንዷ አንድ ሺህ አምስት መቶ። ማንም ከማንም አይበልጥም፤ ማንም አያፍርም። ስማቸውን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ በማስመሪያ አስምሬ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር በጣም ኮርቼበት ነበር።

ምዜ ዝርዝሩን በማግስቱ ሲያዩ ቅንድባቸው ከፍ አለ።

“ሁሉም እኩል ነው የሰጡት?”

“አዎ” አልኩ።

ሃያ ስምንት ደረሰኝ ቆረጡ። ቦርዱ ፈቀደ። አስተማሪዋ ቼኩ እስኪፈረም ልትጠብቅ ተስማማች፤ በኮሪደሩ ስታልፍ አቅፋኝ ሄደች።

ቼኩ ሳይፈረም ማክሰኞ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። በየጊዜው የሚደረግ ቁጥጥር ነው። ወጣት ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። የደረሰኙን ጥራዝ ገጽ በገጽ ሲገልጥ ቆየና ርዕሰ መምህርቷን አስጠራቸው።

“ማዳም፣ ወላጆችን ስንት ነው የምታስከፍሉት?”

“ምንም! ትምህርቱ ነፃ ነው።”

“ታዲያ ይህ ምንድን ነው? ሃያ ስምንት ወላጅ፣ ሁሉም አንድ ሺህ አምስት መቶ።”

“ስጦታ ነው።”

“ስጦታ እንዲህ አይመጣም፣ ማዳም። ሰው በፈቃዱ ሲሰጥ አንዱ መቶ ይሰጣል፣ ሌላው አምስት ሺህ። ሁሉም እኩል የሚያወጣው ሲታዘዝ ነው። ደግሞ ስማቸውን ሲያዩት ሁሉም የአንድ አገር ሰዎች ናቸው። የውጭ አገር ወላጆች ላይ ብቻ ክፍያ ጥላችኋል ብል ምን ይመልሱልኛል?”

ርዕሰ መምህርቷ ምዜን አዩ፤ ምዜ እኔን አዩ።

“ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጠኑ እውነት አይደለም” አልኩ።

“እውነተኛው የት አለ?”

“የለም።”

“ማን ያውቀዋል?”

“ማንም። እያንዳንዷ የራሷን ብቻ ነው የምታውቀው። እጃቸውን ጨብጠው ነው የሚከቱት።” እጄን ጨብጬ አሳየሁት። ለምን እንዳሳየሁት አላውቅም።

እጄን አየ፤ ደረሰኙን አየ። ሊስቅ ነው ወይስ ሊቆጣ፣ አልገባኝም።

“ርዕሰ መምህርቷን ልከስስ አልፈልግም። ገንዘቡ እስከ ሐሙስ ለወላጆቹ ይመለስ። በደረሰኙ መሠረት።”

“ደረሰኙ ግን ውሸት ነው እኮ።”

“አውቃለሁ። ሌላ ወረቀት ግን የለኝም።”

ምዜ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሐሙስ ጠዋት አብረን ተቀምጠን ለሃያ ስምንቱም በስልክ አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ላክን። አስተማሪዋ ሰምታ ስለነበር በዚያ ቀን ሒሳብ ክፍል አልመጣችም።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ሱቅ ስደርስ ሴቶቹ ስልካቸውን ይዘው ተሰብስበዋል። የሆነውን ሁሉ፣ ዝርዝሩን እንደፈጠርኩትም ጭምር፣ ነገርኳቸው። ብዙ የሰጠች እንደጎደለባት፣ ጥቂት የሰጠች እንደተረፈላት ሁሉም ያውቃል፤ ግን ማንም አፍ አውጥቶ ሊለው አይችልም።

“ትምህርት ቤቱ ወለድ መክፈል ጀመረ እንዴ?” አለች አንዷ።

“ዝም በይ፣ ያንቺ ወለድ ከእኔ ላይ ሳይሆን አይቀርም!” አሉ ባለ ቅመም ሱቋ፣ ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሳቁ ፈነዳ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ “አስተማሪዋስ?” አለችኝ።

ሲበተኑ አንዷ ወደ ኋላ ቀረች። መንገድ ዳር ሳምቡሳ የምትሸጥ፣ ሴት ልጇ አራተኛ ክፍል የምትማር ናት። ወደ ጨርቁ መደርደሪያ ጀርባ ሳበችኝ።

“ይህ ገንዘብ የእኔ አይደለም” አለችኝ፣ ስልኳን እያሳየችኝ።

“ልዩነቱን እኮ ማንም…”

“ልዩነት አይደለም። ባዶ እጄን ነው የከተትኩት።” ድምፅዋ እየጠፋ ሄደ። “የዚያን ቀን ዘይት ገዝቼ ምንም አልቀረኝም። አለመክተት ደግሞ አፈርኩ። አሁን አንድ ሺህ አምስት መቶ ገባልኝ። የማንን ነው የበላሁት?”

“አላውቅም እትዬ።”

“ለማን ልመልስ? ብመልስ ይታወቅብኛል።”

“አላውቅም።” ትምህርት ቤቱ መልሶ እንደማይቀበል ግን አውቅ ነበር፤ ያንን ነገርኳት።

ቆም ብላ አሰበች። “ለአስተማሪዋ ነው የተሰጠው አይደል? ነገ አብረሽኝ ሁኚ። እኔ ቋንቋው አይሆንልኝም።”

ዓርብ ልጆቹ ሲወጡ ሁለታችንም በሩ ላይ ቆመን አስተማሪዋን ጠበቅናት። መጻሕፍቷን በካርቶን ይዛ ወጣች። ሳምቡሳ ሻጯ በአማርኛ ተናገረች፤ እኔ ተረጎምኩ። ባዶ እጇን መክተቷን አልተረጎምኩም፤ እሷም እንድተረጉመው አልፈለገችም።

“ደመወዝ ልከፍል አልችልም በያት። ግን በዚህ አንድ ሺህ አምስት መቶ የትራንስፖርቷን እችላለሁ። በቀን ስንት ታወጣለች?”

“ሁለት መቶ ያህል” አለች አስተማሪዋ፣ ግራ ገብቷት እኔን እያየች። ከዚያ ካርቶኑን መሬት አስቀመጠች። “አንድ ሺህ አምስት መቶ? ሰባት ቀን ነው። የወሩ ፈተና በስድስተኛው ቀን ነው።” ስልኳን አውጥታ ትንሽ ራቅ ብላ ከአዲሱ ትምህርት ቤት ጋር ረጅም ጊዜ አወራች። ስትመለስ “ሰባት ቀን። ከዚያ በላይ አይጠብቁኝም” አለች።

ሰባቱንም ቀን መጣች። ሳምቡሳ ሻጯ በየቀኑ በሩ ላይ ሁለት መቶ ሺሊንጉን በእጇ ሰጠቻት፤ ሁለቱም በማይግባቡበት ቋንቋ ሰላም ይባባሉ ነበር። ልጆቹ ተፈተኑ። በስምንተኛው ቀን ወንበሮቻቸውን ተሸክመን ወደ ሌላው ክፍል አስገባን፤ ሦስት ልጆች ቦታ አጥተው መስኮቱ ሥር ቆሙ።

ከመንግሥት ገንዘቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምዜ የሦስት ወሩን ቼክ በደንብ ጽፈው፣ ሁለቱን ፊርማ አስፈርመው እንዳደርስላት ሰጡኝ። ካሳራኒ ድረስ ሄጄ በአዲሱ ትምህርት ቤት በር ላይ አገኘኋት። አራት ጊዜ አነበበችው።

“ተመልሰሽ ትመጫለሽ? አሁን እኮ ሥራ ማስኬጃው ገንዘብ አለው” አልኳት።

“እስከ መቼ?” አለችኝ።

የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ ላስረዳት ጀመርኩ፤ በተማሪ ቁጥር እንደሚሰላ፣ ምን ምን ወረቀት ከየት ወደ የት እንደሚሄድ። ግማሹን ተናግሬ እኔም ጠፋኝ። እሷ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።